በር የሚያየው ወንበር

ከቤታችን የተዘረፈውን ዕቃ ባለቤቴ በቃሏ ትዘረዝረዋለች። ቡፌው ከነብርጭቆው፣ ሶፋው ከነዳንቴሉ፣ ሁለቱ አልጋዎች፣ ድስቶቹ ከነክዳናቸው። እኔ ደግሞ ያልተዘረፈውን እዘረዝራለሁ። የእኔ ዝርዝር አጭር ስለሆነ ሁልጊዜ ቀድሜያት እጨርሳለሁ፦ አፉ የተሸረፈ አንድ እንስራ፣ ግድግዳው ላይ የቀሩ ምስማሮች፣ እና የእኔ ወንበር።

ስለ ወንበሩ አስቀድሜ ልናገር። ዕድሜዬን በሙሉ በመካኒክነት ነው የኖርኩት። በወልድያና በመርሳ መንገድ ከሚመላለሱት የጭነት መኪኖች የእኔ እጅ ያላረፈበት ጥቂት ነው፤ እጄ ካረፈባቸው መካከል ደግሞ ድነው የሄዱት... ይህን እንኳ እንተወው። ሥራ ባቆምኩበት ዓመት እጄ ላይ ከሞቱት መኪኖች ከአንዱ የሾፌሩን ወንበር ፈታሁና መርሳ ቤቴ አመጣሁት። የብረት እግር በየድኩለት፣ ሳሎኑ ውስጥ ከበሩ ትይዩ አቆምኩት፣ ከዚያም በአራት ቡሎን ከሊሾው ጋር አሰርኩት። ሰው ቤት ውስጥ ወንበር በቡሎን የሚያስረው ለምንድን ነው ብላችሁ ብትጠይቁ፣ ባለቤቴ በመጥረግ ሰበብ ከቦታው እንዳታንቀሳቅስብኝ ነው። አራት ቡሎን ለአንዲት ሴት መጥረጊያ በቂ ይሆናል ብዬ ገምቼ ነበር።

ከዚያ ወንበር ላይ ሆኜ ዋናው መንገድ እስከሚታጠፍበት ድረስ ይታየኛል። ከወልድያ የሚመጣው አውቶብስ፣ ባጃጁ፣ ማንጎ የጫነው ጋሪ፣ ከማን ጋር ማን እንደተጣላ፣ ማን አዲስ ጫማ እንደገዛ። አገር የምጠብቀው ከዚያ ነበር። ባለቤቴ ደግሞ ቦታዋ ጓዳ ነው፤ ከእኔ ጀርባ፣ ከመጋረጃው ወዲያ፣ አንዲት ዝቅ ያለች የእንጨት ዱካ ላይ። ጓዳው የእጅ መዳፍ የምታህል አንዲት መስኮት አለችው፤ እሷም የምታየው የጎረቤትን ግድግዳ ነው። እንዲህ ይሁን ብሎ ያዘዘ ማንም አልነበረም። የአባቴም ቤት እንዲሁ ነበር፣ የአባቷም ቤት እንዲሁ። ሶፋውና ቡፌው ለእንግዳ፣ በር የሚያየው ወንበር ለአባወራ፣ ጓዳው ለእመቤቲቱ። ከእኛ ቤት በጣም የተንከባከብነው ክፍል እኛ ያልተቀመጥንበት ክፍል ነው።

ጦርነቱ መጀመሪያ የደረሰብን በነሐሴ ነው። ያን ቀን ጠዋት እንደ ልማዴ ወንበሬ ላይ ነበርኩ። ሰው ከወልድያ በኩል ወደ ታች ይወርዳል፤ ብዙ ሰው።

«አንተ ሰውዬ!» አለችኝ ባለቤቴ ከጓዳ። ከሰው ፊት አንቱ ነኝ፤ ለብቻችን ስንሆን ግን ማዕረጌን ትገፈኛለች። «ኮቴው በዛ፤ ምንድን ነው?»

«ገበያተኛ ነው» አልኩ።

«ዛሬ የምን ገበያ?»

«እንግዲያ ለቅሶ ይሆናላ!»

ጥቂት ቆይቶ ከተራራው ወዲያ ድም አለ። እንደገና ድም።

«ይሄስ?»

«ነጎድጓድ ነው። ነሐሴ አይደል እንዴ!»

ከዚያ ዓይኔን ከደንኩ። የሚቀጥለው የማስታውሰው አናጢው ጎረቤታችን በሩን በሁለት እጁ ሲደበድብ ነው። ይህ ሰው ከእኔ በዕድሜ ያንሳል፤ የእኛን በዓል ከእኛ ጋር ይውላል፤ እኛም ዒዱን ከእሱ ቤት አንቀርም። «ኧረ ያ አላህ! አያ፣ ምን ይጠብቃሉ? መንደሩ ባዶ ቀርቷል እኮ!» አለኝ። ተነስቼ ስወጣ እውነትም ሰፈሩ ጭር ብሏል፤ የቀረነው እኔ፣ ባለቤቴ፣ አናጢውና አንድ ውሻ ነን። ውሻውም እየወጣ ነበር።

ባለቤቴ ሊጥ ስታቦካ ነበርና እጇ እስከ ክርኗ ነጭ ሆኖ ወጣች። አንድ እግሯ ላይ ጫማ አለ፤ ሌላው እግሯ ላይ የለም። እኔ ምን ይዤ እንደወጣሁ ያወቅኩት ከመርሳ በላይ ያለውን የሐብሩን ዳገት ግማሽ ከወጣን በኋላ ነው፤ አሥራ ሰባት ቁጥር የቡሎን መፍቻ። ገንዘብ አይደለ፣ ልብስ አይደለ፣ ምግብ አይደለ። ባለቤቴ አየችኝና «ምን ልትፈታ ነው?» አለችኝ። እንዲህ ብላ ጠይቃኝ ዳገቱን ቀጠለች። 

ተራራው ላይ የአጎቷ ልጅ አራሽ ነው። እስከ ታህሳስ ድረስ እሱ ጎጆ ውስጥ ከረምን። ክብ ቤት፣ አንድ በር፣ ሰዉም ፍየሉም በአንድ ላይ። አንድ የገረመኝን ነገር ልንገራችሁ። ሌሊቱን ሙሉ ከታች ተኩስ እየተሰማ ባለቤቴ ከበሩ ሥር ቆዳ አንጥፋ ለሽ ብላ ትተኛለች። እኔ ፍየል ጎኔን እየደገፈችኝ ዓይኔ ፈጦ ያድራል። ምን ዓይነት ልብ ነው የሰጣት እያልኩ እቀናባት ነበር። አስተዋይ ሰው ብሆን ኖሮ ለምን እንደምትተኛ ያኔውኑ በገባኝ፤ ግን አስተዋይ ሰው መፍቻ ይዞ አይሰደድም።

በታህሳስ «አገሩ ተለቋል» ተባለና ወረድን። በሩ የለም። ውስጡ ገባን፤ ውስጡም የለም። የመብራት ገመዱን ከግድግዳው ውስጥ ስበው አውጥተው ወስደውታል። ሳሎኑ መሃል ላይ የእኔ ወንበር ብቻውን ቁጭ ብሎ በሩን ያያል። በመጀመሪያ ተናደድኩ፤ እንዴት ሰው ቤት ሙሉ ዕቃ ሲመርጥ የእኔን ይንቃል? ጎንበስ ብዬ ሳይ ግን አንደኛው ቡሎን ጭንቅላቱ ተፋፍቆ ክብ ሆኗል። ታግለውታል! ያላቸውን መፍቻ ሁሉ ሞክረውበታል! በኩራት ባለቤቴን ጠራኋት።

«ይህን እዪልኝ! ጦር ያልነቀለው ሥራ ነው!»

«ቡፌዬንም አስረኸው ቢሆን ጥሩ ነበር» አለች።

አናጢው በመጀመሪያው ሳምንት የቆርቆሮ በር ሠራልን። ቤቱ ተጠረገ፤ ከዘመድ ፍራሽ መጣ። ባለቤቴ ግን ቤቱ ውስጥ አልገባችም። ማለቴ ትገባለች፣ ትሠራለች፣ ግን አትቀመጥም። ስትቀመጥ የበሩ ደፍ ላይ ነው፤ ግማሽ ጎኗ ውጭ፣ ግማሽ ጎኗ ውስጥ። ከአጠገቧ አንድ ሳፋ አለ። ሳፋው ውስጥ በሶ፣ አንድ ቅያሪ ቀሚስ፣ የጋብቻ ወረቀታችን፣ የልጃችን ፎቶ፣ ጨው፤ በላዩ በአሮጌ ነጠላ ጥፍር አድርጋ አስራዋለች፤ ብድግ አድርጋ ጭንቅላቷ ላይ እንድታወጣው። ጫማዋንም አታወልቅም። ስትተኛም አታወልቅም። በአንድ እግር ጫማ ዳገት የወጣች ሴት ናት፤ ምን ልበላት?

ጥምቀት ባለፈ ሳምንት፣ ደፉ ላይ እንደተቀመጠች፣ ፊቷን ወደ መንገዱ አድርጋ እንዲህ አለችኝ፦ «ከፋሲካ በኋላ እህቴ ዘንድ ደሴ እሄዳለሁ።»

«ለጥየቃ?»

«ለጥየቃ አይደለም።»

«እኔስ?»

«አንተ ወንበርህን ጠብቅ።»

እኔ ሰው ሲቀልድ አውቃለሁ፤ ራሴ የተካንኩበት ነው። እሷ አልቀለደችም። አርባ ዓመት ከአንዲት ሴት ጋር ኖሬ፣ ጦርነት መጥቶ ሄዶ፣ ሁለታችንም በሕይወት ተርፈን፣ ቤቱ ሊያለያየን ሆነ። እስከ ፋሲካ ድረስ ቤቱ ውስጥ ተረጋግታ የምትቀመጥበት ነገር ካላገኘሁላት፣ የቀረ ዕድሜዬን ከአንድ የመኪና ወንበርና ከአንድ የተሸረፈ እንስራ ጋር መጨረሴ ነው።

ስልክ ሲመለስ አዲስ አበባ ላለችው ልጃችን ነገርኳት። ልጄ ስልኳ ላይ ሁሉን ነገር ታነባለች። «አባዬ፣ ችግሩ የእማዬ አይደለም፤ የቤቱ አያያዝ ነው» አለችኝ። ለካ ቤት በአግባቡ ከተዘጋጀ የተጨነቀን መንፈስ ያሳርፋል። ቀለሙ፣ ብርሃኑ፣ የዕቃው አቀማመጥ፣ ሁሉም ስሜት ላይ ይሠራል። እኔ እንደ ተማሪ እርሳስ ይዤ ጻፍኩ።

«መጀመሪያ የማያስፈልገውን ዕቃ ሁሉ ከቤት አስወጣ። የዕቃ ብዛት ልብ ያጨናንቃል።»

«ልጄ፣ ይህን እንኳ ቀድመው ሠርተውልናል።»

«አባዬ ቀልዱን ተው! የፀሐይ ብርሃን በደንብ ይገባል?»

ቀና ብዬ ጣሪያውን አየሁት። ቆርቆሮው በፍንጣሪ ተበሳስቶ፣ እኩለ ቀን ላይ ሊሾው ሰማይ መስሎ በብርሃን ነጠብጣብ ይሞላል። «በዚህ በኩል አታስቢ፤ በሁሉም አቅጣጫ ይገባል» አልኳት።

«ቀለሙስ?»

ቀለሙ አልነበረም። ስለዚህ ወልድያ ሄድኩ። አንድ የማውቀው ባለሱቅ አለ፤ እሱም ተዘርፎ ገና መቆሙ ነው። «የሚያረጋጋ ቀለም ስጠኝ» አልኩት፤ ልጄ ያዘዘችኝ እንደዚያ ነው። ሰውዬው ትክ ብሎ አየኝ። ከመደርደሪያው ላይ ሦስት ጣሳ አወረደ።

«ይሄ አለ።»

«ሌላስ?»

«ሌላውም ይሄው ነው። ክዳኑ ነው የተለየው።»

ውኃ አረንጓዴ ነበር። ሦስት ቀን ቀባሁት፤ ግድግዳውንም ጺሜንም። ስጨርስ ባለቤቴ ከደፉ ብድግ ብላ ገባች፣ ዙሪያውን አየች፣ ከዚያ እጇን ዘረጋችልኝ።

«ምን ልስጥሽ?»

«ካርዴን። ተራዬ ስንተኛ ነው?»

እውነትም ስመለከተው ቁርጥ ጤና ጣቢያ ነው። ለሳምንት ያህል የገባ እንግዳ ሁሉ ሳይታወቀው ድምፁን ቀንሶ ያወራ ነበር።

ከዚያ ተክል አለች ልጄ። አረንጓዴ ነገር ቤት ውስጥ ሲኖር ሰው ይታደሳል። ለሰው እንዴት እንደሚነገር አላወቅኩም፤ በሐብሩ ምድር፣ ብርቱካኑና ማንጎው ደጅ ለደጅ ተዘርግቶ ሳለ፣ ተክል ቤት ውስጥ ማስገባት ውኃ ወንዝ ውስጥ እንደ መጨመር ነው። ቢሆንም ከወልድያ ስመለስ ሲሪንቃ መንገድ ዳር ወረድኩና ችግኝ ከምትሸጥ ሴት አንዱን መረጥኩ።

«ይሄ የቤት ጌጥ ነው?» ብዬ ጠየቅኳት።

«ላወቀበት ሁሉም ጌጥ ነው፣ አባባ» አለችኝ።

ፓፓያ ነበር። የእርዳታ ዘይት የመጣበት ቆርቆሮ ውስጥ ተከልኩትና ከወንበሬ ጎን አቆምኩት። ፓፓያው ሁለት ሳምንት ሳይሞላው አንገቱን ወደ በሩ ሰበረ። አዞርኩት። እሱም መልሶ ዞረ። ደግሜ አዞርኩት። ባለቤቴ ከደፉ ላይ ሆና ስታየኝ ቆይታ፣ «ተወው እንጂ! እሱ እንኳ ምን እንደሚበጀው አውቆ» አለች። ሳቅሁ። የነገረችኝ ነገር እንደነበረ አልገባኝም፤ ጆሮዬ የሞተር ድምፅ እንጂ ሌላ ነገር አጥርቶ አይሰማም።

ሑዳዴ ተጋመሰ። ሳፋው ደፉ ላይ ነው። ጫማዋ እግሯ ላይ ነው። እህቷ ደሴ ላይ አልጋ እንዳዘጋጀች ሰማሁ።

የመጨረሻው የልጄ ምክር ይህ ነበር፦ «ለእማዬ የራሷ የሆነ ጸጥ ያለ ጥግ አዘጋጅላት። ከጫጫታ የራቀ፣ ሰው የማይደርስበት።» ይሄ ነው አልኩ! በአርባ ዓመት ውስጥ ይህቺ ሴት ከዱካ በቀር የራሷ መቀመጫ ኖሯት አያውቅም። ወደ አናጢው ሮጥኩ። እንጨት የለም፤ መጋዙንና መላጊያውን በገንዘብ መልሶ ገዝቶታል፣ ጣውላ ግን ከየት ይምጣ? በየሜዳው ተጥሎ የቀረው የጥይት ሳጥን ብቻ ነው።

«አያ፣ ይሄ ይሆናል?» አለኝ አንዱን እያገላበጠ። «ወላሂ ጥሩ ጣውላ ነው። የማይነበብ ጽሑፍ ግን አለበት።»

«ምን ይል ይሆን?»

«ከእሳት አርቁ የሚል ይመስለኛል።»

«ለሷ ልክ ነው፤ ሥራልኝ።»

ለመንፈስ እረፍት የሚሆን መቀመጫ ከጥይት ሳጥን ተሠራ። ከሳሎኑ በስተኋላ፣ ሁለቱ ግድግዳዎች ከሚገናኙበት፣ ከበሩም ከመንገዱም ከራቀው ጥግ አስቀመጥነው። ጥጥ የሞላ ትራስ ደረብኩበት። ሥራችንን ቆመን ስናደንቅ አናጢው ራሱን እያከከ «ጨለም አላለም?» አለ። «ጸጥታ ነው» አልኩት።

«ነይ እስቲ ተቀመጪበት» አልኳት።

መጣች፤ ላለማስቀየም ነው። እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ ፍርድ ቤት ቀጠሮ እንደሚጠብቅ ሰው ቁጭ አለች። ከፊት ለፊቷ የወንበሬ ጀርባና የእኔ ማጅራት ነው። እኔ ቦታዬ ላይ ተመቻችቼ «እንዴት ነው? ደስ አይልም?» እላለሁ፣ ሳልዞር።

ውጭ ጧ! ጧ! ጧ! አለ።

ዞር ስል ጥጉ ባዶ ነው። ባለቤቴ ሳፋዋን ጭንቅላቷ ላይ አውጥታ ደፉ ላይ ቆማለች። አናጢው አፉን ይዞ ቀረ። እኔ ሳቅሁ፤ እግዜር ይይልኝ፣ ሳቅሁ።

«ባጃጅ እኮ ነው! የጭስ ማውጫው ማርሚታ ተበስቶ ነው!»

«እንዴት ልወቅ?» አለች። 

«ብትጠይቂኝ እነግርሽ አልነበር?»

ሳፋውን አወረደችው። ቀስ ብላ ነው ያወረደችው።

«ጠይቄህ ነበር» አለች። «ያኔም ጠይቄህ ነበር። ዓይን አንተ ነበርክ። ነጎድጓድ ነው አልከኝ።»

አናጢው መላጊያውን የት እንደረሳው ትዝ አለውና ሄደ።

እዚህ ላይ ከላይ የነገርኳችሁን ትንሽ ማስተካከል አለብኝ። ያን የነሐሴ ቀን ሳላይ የቀረሁ አይደለም፤ አይቻለሁ። የስፌት መኪናውን ጭንቅላት ፈትቶ የተሸከመ ልብስ ሰፊ አይቻለሁ። ዶሮዋን ከጡቷ ሥር ያቀፈች ሴት አይቻለሁ። ሽማግሌ አባቱን ያዘለ ሰው አይቻለሁ። አባቱን አዝሎ ገበያ የሚሄድ የለም። ሁሉንም ከዚያ ወንበር ላይ አየሁ፤ ግን ብነሳ እውነት ይሆናል ብዬ ፈራሁና አልተነሳሁም። ወደ ጓዳ የላክሁት ወሬ ለእሷ ሳይሆን ለራሴ የነገርኩት ነበር። ከዚያ ዓይኔን ከደንኩ። እንቅልፍ አልወሰደኝም። እስከ ዛሬ እንቅልፍ ወሰደኝ እያልኩ ሳስቅበት ኖሬያለሁ።

ይህን ሁሉ ባጃጁ ባስደነገጣት ቀን ነገርኳት? አልነገርኳትም። እኔ የማውቀው ንስሐ ብረት ፈትቶ መግጠም ነው። አሥራ ሰባት ቁጥሬን አመጣሁ፤ ያንኑ ዳገት የወጣውን። ወንበሩን ነቅዬ ከዚያ ቦታ አነሳለሁ፣ የእሷን መቀመጫ በሱ ቦታ አደርጋለሁ፣ በሩን ታያለች፣ ነገሩ ያልቃል። አንደኛው ቡሎን ተፈታ። ሁለተኛው ተፈታ። ሦስተኛው በእርግማን ተፈታ። አራተኛው ያ ዘራፊዎቹ ጭንቅላቱን ያፋፋቁት ነው። መፍቻው ይንሸራተታል። በመዶሻ መታሁት፣ በዘይት ዘፈዘፍኩት፣ በሆዴ ተኝቼ ለመንኩት። ላብ በጆሮዬ ገባ። ጦር ያልነቀለው ብዬ ስኩራራበት የነበረውን፣ እኔም ራሴ አልነቀልኩትም።

ባለቤቴ ከላይ ቆማ ስታየኝ ቆየች።

«አትድከም» አለችኝ። «ከወንበሩ ይልቅ አንተን መንቀል ይቀላል።»

ሊሾው ላይ እንደተጋደምኩ፣ በላዬ ተሻግራ፣ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ካመጣሁት ጀምሮ አንድም ቀን ተቀምጣበት አታውቅም። እኔም ነይ ተቀመጪ ብያት አላውቅም፤ አልከለከልኳትም ብዬ ልማል እችላለሁ፤ ግን ያልከለከለ ሁሉ ጋብዟል ማለት አይደለም። ጀርባዋን ደገፈች። መጀመሪያ ወደ ግራ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ አየች። መንገዱ እስከሚታጠፍበት ድረስ በዓይኗ ሄደችበት።

«ይሄን ሁሉ ነው ስታይ የኖርከው?» አለች።

«አዎ።»

«ኧረ ወንድ!» አለች።

እኔ ከሊሾው ተነስቼ፣ አቧራዬን አራግፌ፣ የሚቀመጡበት ስፈልግ አንድ ቦታ ብቻ ቀርቶ አገኘሁ። ሄጄ ጸጥ ያለው ጥግ፣ የጥይት ሳጥኑ ላይ ተቀመጥኩ። እውነቱን ልናገር? ጸጥታ የለም። ውጭ የሚሆነውን ሳታይ ስትሰማው፣ ሁሉም ድምፅ ወደ አንተ የሚመጣ ነው። በር ሲንኳኳ ከሳጥኑ ብድግ እላለሁ። «ማነው?» እላለሁ። እሷ ከወንበሩ ላይ ሆና ስትፈልግ ትነግረኛለች፣ ሳትፈልግ ዝም ትላለች።

አናጢው በማግስቱ መላጊያውን ሊፈልግ ሲመጣ በሩ ላይ ደርቆ ቀረ።

«እታለም! መሪውን ተረከቡ?»

«ተረከብኩ።»

«ሾፌሩስ?»

«ኋላ ተሳፍሯል። ዕቃ ላይ።»

«አልሃምዱሊላህ» አለ፤ ደግሞ እኔን አይቶ «አያ፣ ለመውረድ ሲፈልጉ ይጩሁ» አለኝ።

ፋሲካ መጣና አለፈ። እኔ አልጠየቅኩም፤ የማይሠራ ሞተር ድንገት ሲነሳ ለምን ተነሳህ ተብሎ አይጠየቅም። ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ እህቷ ደወለች። ጥጌ ላይ ሆኜ ትንፋሼን ዋጥ አድርጌ ሰማሁ። «አሁን አይመቸኝም» አለች ባለቤቴ። «ሥራ ይዣለሁ።»

በግንቦት አንድ ቀን ጫማዋን ከወንበሩ እግር ሥር ተደርድሮ አየሁት፤ ሁለቱንም። እሷ ባዶ እግሯን ሊሾው ላይ ዘርግታ ምስር ትለቅም ነበር። ሳፋው ግን እንደታሰረ ከጎኗ አለ። ልጄ ደውላ «ከነገርኩህ ውስጥ የትኛው ሠራ?» ብትለኝ «ቀለሙ» አልኳት። ሰው ልጁን ማሳዘን የለበትም።

ፍልሰታ በተፈታ ሰሞን ጦርነቱ ተመለሰ። ከቆቦ በኩል ተጀመረ ተባለ፤ በሁለተኛው በሦስተኛው ቀን ወልድያ ትወጣ ጀመር። ባጃጁ፣ ሚኒባሱ፣ አይሱዙው ሰው ጭኖ በደጃችን ወደ ደሴ ይወርዳል። ጥጌ ላይ ሆኜ የሞተሩን ድምፅ እሰማለሁ፤ የትኛው ፍሬን እንደላላ፣ የትኛው ቅባት እንደጨረሰ እንኳ አውቃለሁ። የሚሆነውን ግን አላውቅም።  ተነስቼ ሳፋውን አነሳሁ።

«አስቀምጥ» አለች ሳትዞር።

«ሰው እየሄደ ነው እኮ!»

«አያለሁ።»

«ታዲያ ምን እንጠብቃለን?»

«ፍራሽ ጭነዋል» አለች። «ወንበር ገልብጠው ከላይ አስረዋል። ፍራሽ ለማሰር ጊዜ ያገኘ ሰው ጦሩን በዓይኑ አላየውም። ሰው ባዶ እጁን፣ በአንድ እግር ጫማ ሲመጣ ያኔ እነግርሃለሁ።»

ሳፋውን አስቀመጥኩ። ምን ማድረግ እችላለሁ? ዓይኑ እሷ ናት።

ከሰዓት በኋላ አንዲት ሴት ከሁለት ሴት ልጆቿ ጋር በእግሯ መጣች፤ የተሳፈሩበት ባጃጅ መንገድ ላይ ቆሞባቸው ነው። ባለቤቴ ከሩቅ አየቻቸውና ደፉ ላይ ወጥታ ጠራቻቸው። ገቡ። ሴቲቱ አረንጓዴውን ግድግዳ አየችና «ይቅርታ፣ ጤና ጣቢያ አልመሰለኝም ነበር» አለች። ባለቤቴ እኔን ዞር ብላ አየችኝ፤ ከዚያ ከነሐሴ እስከ ነሐሴ ያልሰማሁትን ሳቅ ሳቀች።

ቤት ውስጥ ለእንግዳ የሚሆን ነገር አልነበረም። ባለቤቴ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ትንሽ አሰበች። ከዚያ ጎንበስ አለችና የሳፋውን ቋጠሮ ፈታችው። ስምንት ወር ያልተፈታ ቋጠሮ ነው፤ በጥርሷ ረዳችው። በሶውን አወጣች፤ «ነቀዝ ሳይገባው ነው» አለች፣ ለእኔ ይሁን ለሴቲቱ አላወቅኩም። በጨውና በውኃ ጨበጠችላቸው። ቅያሪ ቀሚሷን ሴቲቱ ለበሰች። ነጠላውን ትንሿ ልጅ ተከናንባ እዚያው ፓፓያው ሥር እንቅልፍ ወሰዳት። የጋብቻ ወረቀታችንንና የልጃችንን ፎቶ ይዛ ዙሪያውን አየች፤ ቡፌ የለ፣ መሳቢያ የለ። በመጨረሻ ወደ እኔ መጣችና «ያዝ» አለችኝ። ኪሴ ከተትኳቸው። ለእንግዶቹ የሚሆን ቦታ ሲታጣም ከጸጥታው ጥግ ተፈናቅዬ መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

ሰማዩ ጠቆረ። ድም አለ። ከተራራው ወዲያ፣ ያኔ ከመጣበት ከዚያው ከሰሜን በኩል። እንደገና ድም። ሴቲቱ ልጇን ሳበች። እኔ ተነስቻለሁ፤ እጄ ላይ መፍቻው አለ፤ መቼ እንዳነሳሁት አላውቅም።

«ምንድን ነው?» አልኩ።

ባለቤቴ ከወንበሩ ላይ፣ ዓይኗን ከመንገዱ ሳታነሳ፣ «ነጎድጓድ ነው» አለች።

እንዴት እንደሆነ ያወቅኩት ያኔ ነው፤ ያቺን ቃል ከኋላ ሆኖ መስማት። ላምናት ፈለግሁ። እንዳላመንኳት አወቀች መሰለኝ፣ በእጇ ወደ በሩ አመለከተች። «ሂድና እይ፣ እንዲያ ከፈራህ።»

ደፉ ላይ ቆሜ አየሁ። መንገዱ ላይ የሚሮጥ አልነበረም። የሲሪንቃ በኩል ሰማይ እንደ ዝሆን ጀርባ ግራጫ ሆኖ ተንከባለለ፣ ብልጭ አለ፣ ከዚያ የመጀመሪያዎቹ ትላልቅ ጠብታዎች አስፋልቱ ላይ ነጠቡ። ዞር ስል ዝናቡ በተበሳሳው ጣሪያችን በኩል ቀድሞኝ ገብቷል። ባለቤቴ ከወንበሯ ሳትነሳ ባዶውን ሳፋ በእግሯ ገፋ አድርጋ ዋናው ቀዳዳ ሥር አስጠጋችው።

«መፍቻህን አስቀምጥና ሌላ ዕቃ ፈልግ፤ በሦስት ቦታ ያንጠባጥባል» አለችኝ።

እንስራውን አመጣሁ። ከዚያ ሌላ ዕቃ አልነበረንም።